የራሳችሁን የቢትኮይን ኖድ እንዴት ታስነሳላችሁ?

ቢትኮይን ባለቤት የለውም ሲባል «ታዲያ ማን ነው የሚቆጣጠረው?» የሚል አይጠፋም። ሶፍትዌሩን ቤታቸው ከፍተው እያንዳንዱን ብሎክ (የክፍያዎቹን መዝገብ አንድ ገጽ በሉት) የሚፈትሹ ሰዎች ናቸው የሚቆጣጠሩት። ያ የሚፈትሸው ኮምፒውተር ኖድ ይባላል። ማይነር (አዲስ ብሎክ የሚሠራ ኮምፒውተር) አይደለም፤ አዲስ ቢትኮይን አያወጣም፣ ገቢም የለውም።

ገቢ ከሌለው ምን ያደርጋል? በፈረንጆቹ 2017 ሜይ ላይ 58 ኩባንያዎች ተሰባስበው የብሎኩን መጠን በእጥፍ ለማሳደግ ተስማሙ። ከማይኒንግ ጉልበቱ (ከማይነሮቹ አቅም) ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእነሱ ጋር ነበር። ብዙ ተራ ተጠቃሚዎች ግን ኖዳችን ላይ ያለውን ሶፍትዌር አንቀይርም አሉ። ኖቬምበር ላይ ዕቅዱ ተሰረዘ።

ዕቃው

አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ብዙ ሰው ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ግዙ ይላል፤ እኔ አልስማማም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ባትሪ ያለው ማሽን ይሻላል። 8 ጊጋባይት ራም ቢኖረው ጥሩ ነው። ዲስኩ ላይ ግን አትቆጥቡ፦ ኤስኤስዲ ይሁን፣ ከተቻለ 2 ቴራባይት። የብሎኮቹ ሰንሰለት ከ600 ጊጋባይት አልፏል፣ ማደጉንም አያቆምም። በሚሽከረከረው የድሮ ሃርድ ዲስክ ከጀመራችሁ ትዕግሥታችሁ ቀድሞ ያልቃል።

ሶፍትዌሩ

ቢትኮይን ኮርን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ። በቴሌግራም የተላከላችሁን ፋይል እንዳትከፍቱ። ካወረዳችሁ በኋላ የፋይሉን የሻ-256 ቁጥር (ፋይሉ እንዳልተነካካ የሚያሳይ አሻራ) ድረ ገጹ ላይ ከተቀመጠው ጋር አስተያዩ። ከጫናችሁ በኋላ ያለው «ቀጥል፣ ቀጥል» ነው።

ማመሳሰሉ፦ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ነው

ፕሮግራሙ እንደተከፈተ ከጃንዋሪ 2009 ጀምሮ ያለውን ሁሉ ያወርዳል፣ ይፈትሻል። በሞባይል ዳታ አይሞከርም፤ ገደብ የሌለው የቤት ኢንተርኔት ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብሎኮች ባዶ ስለሚበዙባቸው ቶሎ ያልፋሉ። ከዚያ ፍጥነቱ ይወርዳል። የተበላሸ መስሏቸው አጥፍተው እንደገና ከዜሮ የሚጀምሩ አሉ። አልተበላሸም፤ ብሎኮቹ ስለሞሉ ነው።

ለማፋጠን ቅንብሩ ውስጥ የዳታቤዝ ካሽ የሚለውን ፈልጉ። ሲጫን የሚመጣው ቁጥር ትንሽ ነው። ራማችሁ 8 ጊጋ ከሆነ ወደ 4000 ሜጋባይት ከፍ አድርጉት። ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ።

ግን ችግር አለው። ካሹ ትልቅ ሲሆን ብዙ ሥራ ዲስክ ላይ ሳይጻፍ ራም ውስጥ ይቆያል። መብራት ድንገት ከሄደና ማሽኑ ባትሪ ከሌለው ያ ሁሉ ይጠፋል። ይባስ ብሎ ዳታቤዙ ሊበላሽና «እንደገና ይገንባ?» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። ያኔ የቀናት ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ማታ ማታ በሜኑው በኩል ዝጉት። «ኮምፒውተሩን አታጥፉ» የሚለው መስኮት እስኪጠፋ ጠብቁ። በማግሥቱ ካቆመበት ይቀጥላል። ማመሳሰሉ ሲያልቅ ካሹን ወደ ነበረበት መልሱት።

ዲስክ የሚያጥራችሁ ደግሞ ፕሩን የሚባለውን አማራጭ ምረጡ። ሁሉንም አውርዶ ይፈትሽና አሮጌውን ይሰርዛል፤ ከሙሉው ሰንሰለት እጅግ ያነሰ ቦታ ይበቃዋል። ፍተሻው ያው ሙሉ ነው። አዲስ ለሚገባ ኖድ የድሮ ብሎኮችን መስጠት ግን አይችልም።

በሩን መክፈት

ኖዳችሁ ሲነሳ ራሱ ወደ 10 ሌሎች ኖዶች ይደውላል። ወደ እናንተ የሚደውል ከሌለ ግን ከመረቡ ትወስዳላችሁ እንጂ ብዙም አትሰጡም። ራውተሩ ላይ 8333 ፖርትን (ቢትኮይን የሚገባበትን በር) ክፈቱ። የግንኙነቶቹ ቁጥር ከ10 በደንብ ካለፈ ሰው እየገባ ነው። ራውተሩን ከፍታችሁም ምንም ካልመጣ አገልግሎት ሰጪው አንድ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እያካፈለ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከራውተር ጋር አትታገሉ፣ ቶር የተባለውን አድራሻ ደባቂ መረብ ጫኑ። ቶር ያለ ፖርት ያስገባል፣ በእሱ በኩል ከሚመጡትም የቤታችሁን አድራሻ ይደብቃል።

ዋሌቱን ማገናኘት

ዋሌት ቢትኮይን የምትቀበሉበትና የምትልኩበት ፕሮግራም ነው። ይህን ደረጃ ብዙ መመሪያ ይዘለዋል። ማንም ክፍያውን የማያረጋግጥበት ኖድ መረጃ ያስተላልፋል እንጂ የሚፈራው የለም። በፈረንጆቹ 2017 ክብደት የነበራቸው ኖዶች ባለቤቶቻቸው ገንዘብ የሚቀበሉባቸው ነበሩ፤ የእነሱ ኖድ ያልተቀበለው ሳንቲም እነሱ ዘንድ ዋጋ የለውም። ስፓሮው የተባለው ዋሌት ከቢትኮይን ኮር ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ያንን ተጠቀሙ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ አንድ ነገር እወቁ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ባለ ዲጂታል ገንዘብ) መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። ኖድ ማስነሳትና በቢትኮይን መገበያየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቢሆንም ሕጉን ተከታተሉ።

ለኖድ የሚሆን ማሽንም ገደብ የሌለው ኢንተርኔትም ለሌለው

የቢትኮይን ኮርን ሜኑ በየቋንቋው የሚተረጉሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሥራው የሚሠራው ትራንሲፌክስ በተባለ ድረ ገጽ ላይ ነው፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ኮድ መጻፍ አይጠይቅም። አካውንት ክፈቱ፣ አማርኛን ምረጡ፣ ያልተተረጎመ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ጀምሩ። በጉግል ትርጉም የወጣውን እንዳለ አትለጥፉ፤ ኋላ የሚያርመው ሰው ሥራ ይበዛበታል።