የክፍል ውስጥ አየር ፍሰት ሲሙሌሽን አላልቅ ሲል

አየር በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚፈስ ኮምፒውተር እንዲያሰላ ማታ ያስጀመሩት ስሌት ጠዋት ሲያዩት ገና ጅምር ላይ ነው። ማራገቢያው ይጮኻል፣ ውጤት ግን የለም። አዲስ ማሽን ለመግዛት አይቸኩሉ። መጀመሪያ ምልክቱን ይለዩ።

ምልክት፦ ሜሹን (ክፍሉ ለስሌት የተከፋፈለበትን መረብ) ትንሽ አጠበብኩት፣ ስሌቱ ግን ከቀናት ወደ ሳምንታት ዘለለ

10 በ10 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል በ10 ሴንቲ ሜትር ሲከፋፈል 300 ሺህ ሴል (የመረቡ ትንሽ ሳጥን) ይወጣዋል። በ5 ሴንቲ ሜትር 2.4 ሚሊዮን፣ በ2.5 ደግሞ 19.2 ሚሊዮን ይሆናል። ሴሉን ግማሽ ባደረጉት ቁጥር ብዛቱ ስምንት እጥፍ ነው። ስሌቱ በጊዜ የሚራመድ ከሆነ የጊዜ እርምጃውም አብሮ ያጥራል፤ ሥራው 16 እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ጠባብ ሴል የሚያስፈልገው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው፦ አየር ማስገቢያው አፍ ላይ፣ ከሰውና ከኮምፒውተር ሞቃት አየር በሚነሳበት፣ በግድግዳ ዳር። የክፍሉ መሀል ሰፋ ያለ ሴል ይበቃዋል። ከጠባቡ ወደ ሰፊው ግን ቀስ በቀስ ይሂዱ።

ትልቁ ጥፋት ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው፦ ከአርክቴክቱ የመጣውን ሞዴል እንዳለ ማስገባት። የበር እጀታ፣ የወንበር ጎማ፣ ብሎን ሳይቀር። ሜሽ ሠሪው ፕሮግራም እያንዳንዷን ልከተል ሲል ሚሊሜትር የሚያክሉ ሴሎችን ይፈለፍላል። አየሩ ለእጀታው ደንታም የለው! ወንበሩንም ሰውየውንም ሳጥን ያድርጓቸው። የሰውየው ሙቀት ግን አይረሳ፤ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው በድምሩ 100 ዋት ገደማ ያወጣል።

ቀዳዳ የበዛበትን አየር ማስገቢያም በአንድ ክፍት አፍ መተካት ይቻላል። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። የሚገባው አየር መጠን ብቻ ሳይሆን የሚገባበት ጉልበትም መጠበቅ አለበት። ያለዚያ ቀዝቃዛው አየር ጣሪያውን ይዞ መሄድ ሲገባው ቶሎ ቁልቁል ይወድቃል። ስሌቱ ፈጠነ፣ መልሱ ግን ተበላሸ።

ምልክት፦ የጊዜ እርምጃውን ካሳደግኩ ስሌቱ ይፈርሳል

በብዙ ዘዴዎች አየሩ በአንድ እርምጃ ከአንድ ሴል በላይ መዝለል የለበትም። ማስገቢያው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ሴል ካለና አየሩ በሰከንድ 2 ሜትር ከሄደ፣ እርምጃው 0.005 ሰከንድ ነው። ለአንድ ሰዓት ፍሰት 720 ሺህ እርምጃ! ጥቂት ትንንሽ ሴሎች ክፍሉን በሙሉ ያስጠብቁታል።

እስቲ ራስዎን ይጠይቁ፦ የሚፈልጉት አማካይ ፍጥነትና ሙቀት ብቻ ነው? እንግዲያው ጊዜን ትተው በኬ-ኤፕሲሎን ሞዴል (የአየሩን መዋዠቅ በአማካይ በሚወስደው ዘዴ) የተረጋጋውን ፍሰት ያስሉ። ላርጅ ኤዲን (ትልልቆቹን የአየር አዙሪቶች በጊዜ የሚከተለውን ዘዴ) የአየሩ መዋዠቅ ራሱ ጥያቄ ለሆነበት ሥራ ያስቀምጡት።

ምልክት፦ የተረጋጋው ስሌት ራሱ አይረጋም

ሞቃት አየር ሽቅብ ሲወጣ በተፈጥሮው ይወዛወዛል። ሺህ የስሌት ዙር ቢጨምሩለትም ላይቆም ይችላል። የተወሰኑ ነጥቦች ላይ ፍጥነትና ሙቀትን ይከታተሉ። አማካዩ ካልተለወጠ ያቁሙት። አማካዩም ከዋለለ፣ አሁን በጊዜ ወደሚራመደው ስሌት ይሂዱ፤ የደረሱበትን ውጤት መነሻ ያድርጉት።

ምልክት፦ ኮር (የፕሮሰሰሩ አስሊ ክፍል) ብጨምርም አልፈጠነም

ሴሎቹ ለብዙ ኮር ሲከፋፈሉ የየአንዱ ድርሻ ያንስና ኮሮቹ ከማስላት ይልቅ እርስ በርስ ሲያወሩ ይውላሉ። ወይም ራሙ ለሁሉም ቁጥር ቶሎ ቶሎ ማቀበል ያቅተዋል። በ4፣ በ8 እና በ16 ኮር 50 ዙር ብቻ ሞክረው ሰዓቱን ያወዳድሩ። ውጤቱን በየእርምጃው ዲስክ ላይ እያስቀመጡ እንዳልሆነም ይዩ፤ እኔን ሁለት ቀን ያስጠበቀኝ እሱ ነበር።