ጓንዡ ልትኖሩ ከሆነ፦ ዕለት ዕለት የሚያማርሩ ነገሮችና መላቸው

ስለ ቻይናዋ የንግድ ከተማ ስለ ጓንዡ ዕቃ የሚያስረዳችሁ ሰው ሞልቷል። ጫማ የት እንደሚረክስ፣ ካርጎ በኪሎ ስንት እንደገባ ሁሉም ያውቃል። ስለ ኑሮው የሚነግራችሁ ግን ጥቂት ነው። ለሳምንት መጥቶ ሸምቶ ለሚመለስ ነጋዴ ከተማዋ ምቹ ናት። ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ቢሮ ከፍታችሁ ልትቀመጡ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ሰው የሚማረረው በትልቅ ነገር አይደለም፤ በወረቀት፣ በስልክ፣ በእርጥበትና በብቸኝነት ነው። አብዛኛው መላ አለው፤ ግን ቀድሞ ለተዘጋጀ ነው።

መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ተመዝገቡ። ሆቴል ካረፋችሁ ሆቴሉ ራሱ ይመዘግባችኋል። ጓደኛ ቤት ወይም የኪራይ ቤት ከገባችሁ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ መመዝገብ የእናንተ ግዴታ ነው። ፓስፖርት፣ የኪራይ ውልና የአከራዩን መታወቂያ ኮፒ ይዛችሁ የሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። የምትቀበሏት ወረቀት ተራ ትመስላለች፤ የመኖሪያ ፈቃድ ስታወጡ ግን የምትጠየቁት እሷን ነው። ሳይመዘገቡ መቀመጥ እስከ 2,000 ዩዋን ሊያስቀጣ ይችላል። ቤት በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና ነው። የሥራ ወይም የረጅም ጊዜ ትምህርት ቪዛ ይዛችሁ ከገባችሁ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱን በ30 ቀን ውስጥ ማመልከት አለባችሁ። ቪዛ ማሳለፍ በቀን 500 ዩዋን እየታሰበ እስከ 10,000 ሊደርስ ይችላል፤ ከ5 እስከ 15 ቀን ሊያሳስርም ይችላል። «ኧረ ማንም አይጠይቅም» የሚላችሁ ሰው ቅጣቱን አይከፍልላችሁም።

ቀጥሎ ስም። ይሄ በተለይ የእኛ ሰው ችግር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። እኛ የራስ ስም፣ የአባትና የአያት ስም አለን። ቻይናዊው የቤተሰብ ስሙን አስቀድሞ፣ ሁሉም ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ነው። ባንክ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርታችሁን አገላብጣ ታየዋለች፤ ከዚያ በመሰላት ቅደም ተከተል ታስገባዋለች። ሲም ካርድ የሸጠላችሁ ልጅ ደግሞ የአያታችሁን ስም አስቀድሞ መዝግቦት ይሆናል። አንዱ ስሞቹን ያራርቃል፣ ሌላው ያያይዛል። ሰው ቢያየው ልዩነቱ ምንም ነው፤ ለሲስተሙ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናችሁ። ስሙ፣ የፓስፖርት ቁጥሩና ስልክ ቁጥሩ ባንኩ ዘንድ ካለው ጋር ካልገጠሙ የዊቻት (ቻይናዎች መልእክት የሚላላኩበትና የሚከፍሉበት የስልክ መተግበሪያ) ክፍያ አይከፈትላችሁም፤ የባቡር ትኬት በስልክ መቁረጥም ጣጣ ይሆናል። ሰው ተሰልፎ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ተሰልፎ ቀኑ ያልቅበታል።

መላው ይሄ ነው። የፓስፖርታችሁ የፎቶ ገጽ ግርጌ ላይ በቀስት ምልክቶች የተሞሉ ሁለት መስመሮች አሉ። ስማችሁ እዚያ ላይ እንደተቀመጠ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በትልልቅ የላቲን ፊደላት ወረቀት ላይ ጻፉት። በየሄዳችሁበት ያንኑ ወረቀት ስጡ። «ጨርሻለሁ» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትነሱ፤ ስክሪኑን አዙረው እንዲያሳዩአችሁ ለምኑ፣ ደረሰኙንም ፎቶ አንሱት። ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ ሲም ካርድ፣ በዚያ ቁጥር ባንክ፣ በመጨረሻ ዊቻትና ሌላው የክፍያ መተግበሪያ አሊፔይ። ፓስፖርት ስታሳድሱ ቁጥሩ ስለሚቀየር በአዲሱ ሁሉንም ቦታ ማስተካከል አለባችሁ፤ አሮጌውን ፓስፖርትም አትጣሉት፣ ኮፒውንም ያዙ።

ክፍያው ሁሉ ስልክ ላይ ነው። ቲማቲም የምትሸጠው እናት ሳትቀር ኮድ ለጥፋለች። በሕግ ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም ማለት ክልክል ነው፤ ግን መልስ የለኝም ይሏችኋል። የባንክ ሂሳብ እስክትከፍቱ ድረስ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ቪዛና ማስተርካርድን ከአሊፔይና ከዊቻት ጋር ማገናኘት ቀሏል። እስከ 200 ዩዋን ለሆነ ክፍያ ኮሚሽን የለም፤ ከዚያ በላይ 3 በመቶ ይቆረጣል። ስለዚህ ትልቅ ክፍያ በካርድ ባትከፍሉ ይሻላል። ባትሪ ካለቀ ደግሞ ገንዘብም፣ ካርታም፣ ትርጉምም አብሮ ያልቃል። ፓወር ባንክ ሳትይዙ ከቤት አትውጡ፤ ኪሳችሁ ውስጥም ትንሽ ዝርዝር ዩዋን ይኑር።

ኢንተርኔቱን ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ጉግል ሁሉም ዝግ ናቸው። እናታችሁ ስልክ ላይ ያለው ቴሌግራም ከሆነ ከአዲስ አበባ ሳትወጡ ዊቻት ጫኑላት፤ አዲስ አካውንት ሲከፈት ብዙ ጊዜ ነባር ተጠቃሚ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃልና ከርቀት ሆናችሁ ማስተካከሉ አድካሚ ነው። እንዴት እንደሚደወል ቁጭ ብላችሁ አሳዩአት። የሰዓቱ ልዩነትም አምስት ሰዓት ነው። አገር ቤት ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ሁሉም ራት በልቶ ለወሬ ሲመቸው፣ ጓንዡ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል። በየቀኑ እኩለ ሌሊት ድረስ እየጠበቁ ማውራት በአንድ ወር ውስጥ እንቅልፍ ያሳጣል። ቀን ቁረጡ። ለምሳሌ እሑድ፣ አገር ቤት ጠዋት ቡና ሲፈላ፣ እናንተ ጋ ከሰዓት በኋላ ነውና ይመቻል።

ቤት ስትከራዩ የተለመደው የሁለት ወር ማስያዣና የአንድ ወር ኪራይ በአንዴ መክፈል ነው፤ የደላላው ለብቻ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ለፖሊስ ምዝገባ ወረቀት ትሰጠኛለህ?» እምቢ ካለ ቤቱ ቤተ መንግሥት ቢሆንም ተዉት። ለውጭ ሰው፣ በተለይ ለጥቁር፣ አላከራይም የሚል አከራይ እንዳለም እወቁ። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ጊዜ አፍሪካውያን ከቤትና ከሆቴል ወጥተው ጓንዡ መንገድ ላይ ያደሩበት ጊዜ ነበር። ያ ጊዜ አልፏል፤ ግን ሰው አልረሳውም፣ መርሳትም የለበትም። ውላችሁን፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ፣ የገባችሁ ዕለት የቤቱን ሁኔታ የሚያሳይ ቪዲዮ አስቀምጡ። ስትወጡ ማስያዣውን የሚያስመልሰው እሱ ነው። አፍሪካውያን የሚበዙበት ሰፈር፣ ሺያውቤይ አካባቢ ከሆናችሁ መንገድ ላይ ፓስፖርት ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ሕጉ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ የውጭ ዜጋ ዋናውን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ያዛል። ፎቶው ስልኬ ላይ አለ ማለት አያዋጣም።

አሁን ስለ እርጥበቱ። ሙቀቱን ሁሉም ይጠብቀዋል፤ ይሄንን ግን ማንም አይነግራችሁም። ከብርዱ ወራት በኋላ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ከደቡብ የሚመጣው እርጥብ አየር የቀዘቀዘ ግድግዳና ወለል ሲነካ ውሃ ይሆናል። ግድግዳው ያልበዋል። መስታወቱ ላይ ውሃ ይወርዳል። ያጠባችሁት ልብስ ለቀናት አይደርቅም፣ የቆዳ ጫማ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣል። ቤቱ ሲያፍናችሁ መስኮት መክፈት ያምራችኋል፤ አትክፈቱ፣ የሚገባው እርጥበት ነው። ኤሲውን ማድረቂያው ላይ አድርጉት፤ አቅም ካለ ትንሽ የእርጥበት መምጠጫ ማሽን ግዙ።

በርበሬና ሽሮ ደግሞ ለብቻው ይጠቀስ (ሳይዝ የሚመጣ ማን አለ)። እናት በፌስታል ጠቅልላ የላከችው በርበሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከከረመ መጀመሪያ ይቋጠራል፣ ቀጥሎ ሽታው ይለወጣል፣ ከዚያ መሃሉ ላይ ነጭ ነገር ታያላችሁ። ያንን ነጩን አንስቶ የቀረውን መብላት የለም፤ የሻገተ በርበሬ ይጣላል። እንደመጣችሁ በትንንሹ ከፋፍሉት፣ አየር በማያስገባ ዕቃ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት፣ የሳምንቱን ብቻ አውጡ። ቡና ስትቆሉ ደግሞ መስኮት አጠገብ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ይሁን። ኮሪደሩ ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ የእጣኑን ሽታ ከእሳት አይለይም፤ የሕንፃው ጥበቃ ሮጦ ይመጣባችኋል።

ጾም ለሚጾም ምግቡ ያስቸግራል። አትክልት ብላችሁ ያዘዛችሁት ጎመን ላይ የተከተፈ የአሳማ ሥጋ ሊበተንበት፣ ወይም በአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል። «ሥጋ፣ የሥጋ መረቅ፣ የእንስሳ ስብ፣ እንቁላል የለበትም» የሚል ጽሑፍ ቻይንኛ የሚችል ሰው አጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡና አሳዩ። የቡዲስቶች የአትክልት ምግብ ቤቶች ሥጋ አያስገቡም። ከአሳማ ብቻ መራቅ ለፈለገ ደግሞ የላንዡ ኑድል የሚሸጡት የሙስሊሞች ምግብ ቤቶች በየሰፈሩ አሉ።

የከተማው ባቡር (ሜትሮ) ርካሽና ንጹህ ነው። ችግሩ ጭንቅንቁ ነው፤ በተለይ መስመር 3 እና ቲዩ ሺሉ የሚባለው ጣቢያ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት። ሰዓታችሁን በግማሽ ሰዓት ማዛወር ከቻላችሁ አዛውሩ። እግረኛ መንገድ ላይ ደግሞ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ ሞተሮች ከኋላ ይመጣሉ፤ ጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ አትሂዱ። ዘመድ ሊጠይቃችሁ ከመጣ በሚያዝያና በጥቅምት አይሁን፤ የካንቶን ኤግዚቢሽን የሚባለው ትልቁ የንግድ ትርኢት ጊዜ ስለሆነ የሆቴል ዋጋ ይሰቀላል።

የቻይና አዲስ ዓመትም አለ፤ በጥርና በየካቲት መካከል ነው የሚውለው። ፋብሪካው፣ ገበያው፣ ሰፈራችሁ ያለችው ትንሽ ሱቅ ሳይቀር ይዘጋል። ጎረቤት ሁሉ አገሩ ይገባል። ብቻውን ለሚኖር ሰው ከዓመቱ ሁሉ ከባዱ ሳምንት ይሄ ነው። ከሱ በፊት ምግብ ግዙ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ አስቀድማችሁ ያዙ፣ የባቡር ትኬት ከፈለጋችሁም ሽያጩ እንደተከፈተ ቁረጡ። የምታውቋቸውን የአገር ልጆች ደውላችሁ በየተራ ቤት ለቤት ተገናኙ፤ የቅርብ ሰው የሌለውንም ጥሩት።

ስልካችሁ ላይ እነዚህ ይኑሩ፦ ፖሊስ 110፣ አምቡላንስ 120፣ እሳት አደጋ 119። አምቡላንሱ ይከፈልበታል። ሆስፒታል ስትሄዱ ፓስፖርት ያዙ፤ ካርድ አውጥታችሁ፣ ለየምርመራው አስቀድማችሁ እየከፈላችሁ ነው የምትታዩት፣ ስለዚህ ብቻችሁን ከምትሄዱ ቋንቋ የሚችል ሰው ይከተላችሁ። ስለ ቪዛና ስለ መኖሪያ ፈቃድ ጥያቄ ካላችሁ ከደላላ በፊት 12367 ደውሉ፤ የኢሚግሬሽን መስመር ነው፣ ሌት ተቀን ይሠራል፣ በእንግሊዝኛም ይመልሱላችኋል።