የቡና ወሬ እንዴት ይጠናል?

ሰው እንዴት እንደሚነጋገር ለማጥናት መጠይቅ ብቻ አትበትኑ። «ሰው ሲያወራ ያቋርጣሉ?» ስትሉት ሁሉም «ኧረ በጭራሽ!» ነው የሚላችሁ። ቡናው ላይ ቁጭ ብላችሁ ቅዱት።

መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። ስልካችሁን ከረከቦቱ አርቁት። እኔ አንዴ አጠገቡ አስቀምጬ የሲኒ ኳኳታ ብቻ ይዤ ተመልሻለሁ። አቦል ላይ ሰው መቀዳቱን ያስባል፤ ቶና ላይ ይረሳዋል። ስለዚህ አትቸኩሉ።

ፈተናው ድምፁን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ለአምስት ደቂቃ ወሬ ሁለት ሰዓት ያዙለት። ቃሉን ብቻ አትጻፉ። የንግግር አጥኚዋ ጌል ጀፈርሰን የነደፈችው ዘዴ ዝምታን በሰከንድ ለክቶ ቅንፍ ውስጥ ያስገባል፤ ንግግር የተደራረበበትንም በካሬ ቅንፍ [ ] ያሳያል። አየር ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንልባትን ድምፅም ምልክት ስጧት። እኔ ተራ ትንፋሽ መስላኝ ዘለልኳት። ጽሑፉን ሳነብላቸው እማማ ተቆጡ፦ «እንዴ! መልሼላት የለም እንዴ?»

ከዚያ የሚቀጥለው ተናጋሪ ምን እንዳለ እዩ። «ቡና ፈልቷል» ወሬ ይሁን ግብዣ የሚታወቀው ጎረቤቷ ከግድግዳው ማዶ «መጣሁ!» ስትል ነው።