አዲስ የሂቢስከስ ችግኝ አተካከልና አመጋገብ

በአዲስ አበባ ሂቢስከስ ለመትከል የሚመቸው ጊዜ የሰኔ ዝናብ መሬቱን በደንብ ካራሰው በኋላ ነው፤ ችግኙ የኅዳርና የታኅሣሥ ቅዝቃዜ ከመድረሱ በፊት ሥር ለመስደድ በቂ ጊዜ ያገኛል። ተክሉ ሙቀት ወዳድ ስለሆነ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝና ከነፋስ የተከለለ ቦታ ሊመረጥለት ይገባል። ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ቀስ በቀስ የሚለቅ የድንጋይ ግድግዳ በአቅራቢያው ካለ ደግሞ ብርዱን በእጅጉ ያቀልለታል።

ጉድጓዱ በችግኙ ፕላስቲክ ውስጥ ካለው አፈር ሁለት እጥፍ ይስፋ፤ ጥልቀቱ ግን ከዚያ አፈር ቁመት መብለጥ የለበትም። ግንዱ ቀድሞ ከነበረበት ከፍታ በላይ በአፈር ከተቀበረ አንገቱ ሊበሰብስ ስለሚችል፣ ከአተካከሉ ሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ይህ ነው። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይውለቅ፤ ተጠምዝዘው የተገኙ ሥሮችም በእጅ ቀስ ተብለው ይፈቱ። ግቢው ውኃ የሚያቁር ዋልካ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ እዚያ ላይ መትከል ይሻላል።

ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ያህል ማዳበሪያ አያስፈልገውም፤ ገና ያላገገመ ሥር በማዳበሪያ ጨው ይቃጠላል። ከእርሻ የተረፈ ዳፕ የተባለው ማዳበሪያ ለአበባ ሲበተን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። የዳፕ 46 በመቶው ፎስፌት (ፎስፈረስ ያለበት ውህድ) ሲሆን ፖታሲየም ጨርሶ የለውም፤ ሂቢስከስ ግን የሚሻው ብዙ ፖታሲየምና ጥቂት ፎስፈረስ ነው። ፎስፈረስ በአፈሩ ውስጥ ሲበዛ ተክሉ ብረት እንዳይወስድ ያደርገዋል፤ በዚህም ምክንያት የለጋ ቅጠሎቹ ገጽ ቢጫ ሲሆን ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በየወሩ ሁለት እፍኝ ያህል በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጎ በዙሪያው መበተንና ወዲያው ማጠጣት ይበቃዋል። ፖታሲየም የሚበዛበት ቅይጥ ማዳበሪያ የተገኘ እንደሆነ፣ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ግማሹን በእርጥብ አፈር ላይ መስጠት ይቻላል። የእንጨት አመድም ፖታሲየም አለው፤ ሆኖም የአፈሩን አሲዳማነት ስለሚቀንስ፣ ሂቢስከስም በመጠኑ አሲዳማ አፈር ስለሚወድ፣ አመድ ባይበዛበት እመርጣለሁ።

ከኅዳር እስከ ጥር ዕድገቱ ስለሚዘገይ ምግቡ ይቋረጥ፤ በየካቲት አዲስ ቅጠል ሲያወጣ እንደገና ይጀመር። የፈካ አበባ በማግሥቱ ቢረግፍ ተፈጥሮው ነው፤ እንቡጡ ሳይፈካ ከረገፈ ግን አፈሩን በጣት ቆፈር አድርጎ ደርቆ ወይም ውኃ በዝቶበት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።