ጅማ ላይ ሁሉንም ተማሪ የሚያንቀሳቅስ የትምህርት ቤት ስፖርት እንዴት ይደራጃል?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከባድ እንቅስቃሴ ይመክራል። አንድ ኳስ ለ60 ተማሪ ከተሰጠ ግን 22ቱ ይጫወታሉ፣ 38ቱ ዳር ቆመው ያያሉ። ሥራው ለእነዚህ 38 ነው፤ ጎበዞቹማ ማንም ሳይጠራቸው ይመጣሉ።

መጀመሪያ ስም በሌለው ብጣሽ ወረቀት ጠይቁ፦ ምን መጫወት ትፈልጋላችሁ? ምን ያግዳችኋል? ልብስ፣ የጓደኛ ሳቅ፣ የቤት ሥራ ጫና ከወጡ መፍትሔው ኳስ መጨመር ብቻ አይሆንም።

ከዚያ ሜዳውን 20 በ15 ሜትር በሆኑ አራት ትንንሽ ሜዳዎች ክፈሉት። ማዕዘኑ ላይ አፈር የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቁሙ፤ ድንጋይ እግር ይሰብራል። በየሜዳው አምስት ለአምስት፣ ያለ በረኛ፣ የጎሉ ስፋት 2 ሜትር። 60ውን በሃያ ሃያ መድቡ፤ ሁለቱ ምድብ ሲጫወት ሦስተኛው ገመድ ይዘላል። ለአንድ ሰው 2.5 ሜትር ገመድ ይበቃል። 8 ደቂቃ ጨዋታ፣ 2 ደቂቃ መቀያየሪያ፣ ሦስት ዙር። ማሟሟቂያና ማቀዝቀዣ ሲጨመር 45 ደቂቃ ይሞላል። እየተንቀሳቀሱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃታቸው ልኩ ነው።

መረብ ኳስ ለሚመርጡ፣ የሴቶች መረብ መደበኛ ቁመት 2.24 ሜትር ቢሆንም ለጀማሪ ወደ 2 ሜትር አውርዱት። ኳሷ መረቡን ካላለፈች ልጆቹ በሁለተኛው ቀን ይቀራሉ።

የጅማ ዝናብ በልግም ክረምትም አይምርም፤ ቀዩ አፈር ሲረጥብ ቁርጭምጭሚት ያጠማዝዛል። በረንዳ ላይ 30 ሰከንድ ሥራ፣ 30 ሰከንድ እረፍት፦ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ በቦታ ሩጫ፤ በአጠቃላይ 12 ዙር። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ፊሽካ ስለማይሰማ በእጅ ምልክት ተስማሙ። ነጎድጓድ ከተሰማ ሜዳው ይለቀቅ፤ መመለስ የሚቻለው ከመጨረሻው ድምፅ 30 ደቂቃ በኋላ ነው።

ሴቶቹ ሲቀሩ «ፍላጎት የላቸውም» ከማለት በፊት መጸዳጃ ቤቱን እዩ። ውሃ፣ የሚዘጋ በርና ሞዴስ ከሌለ በወር አበባ ቀን ማንም አትመጣም። ሰፊ ሱሪና ሂጃብ ይፈቀድ፤ ስፒሉ ግን ይውለቅ። በራሳቸው ሰዓት፣ ከተቻለ በሴት መምህርት ቢመሩ ይሻላል። በረመዳን ጾመኞች ሩጫውን ትተው የኳስ ቅብብልና ማፍታቻ ይሥሩ።

አርፍዶ የመጣን ተማሪ «ሜዳውን አምስት ዙር ሩጥ» ብሎ መቅጣትም ይቅር። ሩጫን በቅጣትነት የሚያውቅ ልጅ በፈቃዱ አይሮጥም።

በሳምንት ሁለት ቀን ጀምሩ፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ሦስተኛ ቀን ጨምሩ። መዝገቡ ላይ ጎል ሳይሆን የመጡትን ጻፉ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የቀረን ተማሪ በሦስተኛው ቀን ለብቻው ጠርታችሁ ምክንያቱን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ጫማ ነው።