የወረዳችሁ ሲስተም እንዲሸለም ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ሰልፉን ቁጠሩ

ባለፈው ሰሞን ድሮ አብረን የሠራን፣ አሁን መንዝ ውስጥ አንድ ወረዳ ላይ የአይሲቲ ባለሙያ የሆነ ጓደኛዬ ደወለልኝ። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰኝም። «ስማ፣ ያ የፋይል መፈለጊያ ሲስተማችን ለሽልማት ይቀርባል እንዴ?» አለኝ። ይቀርባል አልኩት። «ግን አንድ ነገር ንገረኝ፤ ሲስተሙ ከመግባቱ በፊት ባለጉዳይ ስንት ቀን ይመላለስ ነበር?»

ዝም አለ። ከዚያ «ኧረ ብዙ!» አለ።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። «ብዙ» ቁጥር አይደለም።

አልፈረድኩበትም፤ እኔም አልፌበታለሁ። ከዓመታት በፊት፣ የት እንደሆነ ይቅርና፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የይዞታ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር አስገብተን ውድድር ላይ ቀረብን። አሥር ደቂቃ ሙሉ ስለ ዳታቤዝ፣ ስለ ሰርቨር፣ ስለ ፓስወርድ አወራሁ። ስጨርስ ከዳኞቹ አንዷ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ጥሩ ነው፤ ታዲያ ገበሬው ምን አገኘ?» አሉኝ። ላብ አጠመቀኝ። የተሳትፎ ሰርተፍኬት ይዘን ተመለስን።

ስለዚህ በሰሜን ሸዋ ወረዳና ቀበሌ ላይ ሆናችሁ አንድ ነገር በቴክኖሎጂ ያቀለላችሁ፣ ግን ማንም ያላወቀላችሁ ሰዎች፣ ይኸው የማውቀውን ልንገራችሁ።

ሰልፉን ቁጠሩ

ገና ካልጀመራችሁ ዕድለኞች ናችሁ። አንድ ደብተር ግዙ። ለጥበቃው ወይም ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ስጡና፣ የሚገባውን ባለጉዳይ ሁሉ አራት ነገር ይጠይቁ፦ ከየት ቀበሌ መጣህ፣ ለምን ጉዳይ፣ ስንተኛ ጊዜህ ነው፣ ለመጓጓዣ ስንት አወጣህ። ሁለት ሳምንት ይበቃል፤ ግን የገበያ ቀን ውስጡ መኖሩን አረጋግጡ፣ ምክንያቱም ሰዉ ከተማ የሚወጣው በገበያ ቀን ነው፣ ጉዳዩንም አብሮ የሚጨርሰው (ወይም ሳይጨርስ የሚመለሰው) ያን ቀን ነው። ሰኔ ላይ ባትቆጥሩ ይሻላል። በጀት መዝጊያ ስለሆነ ቢሮው ሁሉ ተደበላልቆ ቁጥሩ የዓመቱን መልክ አያሳይም።

የባለጉዳዩን ስም ግን አትጻፉ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሲስተሙ ከገባ የቆየ ከሆነስ? እንደ ጓደኛዬ ማለት ነው። ተስፋ አትቁረጡ፣ ማስረጃው መዝገብ ቤት ተኝቷል። የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ አለ አይደል? ማመልከቻው የገባበት ቀን ገቢ መዝገብ ላይ፣ መልሱ የወጣበት ቀን ወጪ መዝገብ ላይ ተጽፏል። ሲስተሙ ከመግባቱ በፊት ከነበረው ዓመት 100 ጉዳይ፣ ከገባ በኋላ ካለውም 100 ጉዳይ ምረጡ። ሳታማርጡ ምረጡ፤ ለምሳሌ በየአሥረኛው መስመር ላይ ያለውን እየወሰዳችሁ። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን ልዩነት ቁጠሩና ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ መሐል ላይ የሚውለውን ውሰዱ። አማካይ አታውጡ። አንድ ፍርድ ቤት የደረሰ የድንበር ክርክር ሁለት ዓመት ከፈጀ አማካዩን ገደል ይከተዋል፤ መሐለኛው ቁጥር ግን ተራው ሰው የጠበቀውን ይነግራችኋል።

ይህ ሥራ አሰልቺ ነው። አቧራ አለው፣ ጉንፋንም ያስይዛል። ግን ከማንኛውም ፓወርፖይንት ይበልጣል።

የእናንተ የሆነው የቱ ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከላይ የወረደ ሲስተም የእናንተ ፈጠራ አይደለም። ፋይናንስ ላይ ያለው አይቤክስ፣ ጤና ጣቢያ የሚሞላው ዲኤችአይኤስ 2፣ መሬት አስተዳደር ላይ ያለው ናርሊስ፣ እነዚህ አገር አቀፍ ሥራዎች ናቸው። «ናርሊስን ተግብረናል» ብላችሁ ብትቀርቡ ዳኛው «ጎረቤት ወረዳስ?» ይላችኋል።

ግን በሲስተሙ ዙሪያ የሠራችሁት የራሳችሁ ነው። እንበል የይዞታ ደብተሩ ታትሞ ወረዳ ተቀምጧል፣ ገበሬው ግን መድረሱን ስለማያውቅ በየሳምንቱ «ደረሰ ወይ?» እያለ ከቆላ ደጋ ይወጣል። እናንተ የደረሱትን ደብተሮች የማመልከቻ ቁጥር ብቻ በየአርብ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ላካችሁ፣ እሱም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወይም መስጊድ በር ላይ አነበበ። በቃ! ይህ ፈጠራ ነው። አፕ የለውም፣ ስማርት ስልክ አይፈልግም፣ ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። የጠፋው ምልልስ ግን ይቆጠራል። እንዲያውም እኔ ዳኛ ብሆን፣ ማንም በማያወርደው ሞባይል አፕ ላይ በጀት ከጨረሰው መሥሪያ ቤት ይልቅ ለዚህኛው ነው ነጥብ የምሰጠው።

«ሲስተም የለም» ሲባልስ?

መብራት ይጠፋል። ኔትወርክ ይጠፋል። በክልላችን በአማራ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ስንቱ አገልግሎት እንደቆመ እናስታውሳለን። እና ማመልከቻችሁ ላይ «ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን ታደርጋላችሁ» የሚለውን ሳትጠየቁ መልሱት። ቢሮ ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? መስመር ሲመለስ ራሱ ይልካል? የወረቀት ቅጹ ከስክሪኑ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ መብራት ሲጠፋ በእጅ ተሞልቶ ማታ ይገባል? እንዲህ ያለው መልስ የሌላ አገር ተወዳዳሪ የማያስበው ስለሆነ የእናንተ ጥንካሬ ነው፤ እንደ ድክመት አትደብቁት።

ሌላው የዘላቂነት ጥያቄ ሰው ነው። ሲስተሙን የሠራው ልጅ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ ፓስወርዱም አብሮት ሄደ። የማያውቅ ወረዳ አለ? ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ፣ አዲስ የተቀጠረ ሰው አንብቦ የሚሠራበት ጥቂት ገጽ መመሪያ አዘጋጁ። ቢያንስ ሁለት ሰው ሠልጥኖ መሥራቱንም በቃለ ጉባኤ አስይዙ።

ሕጉና ስሙ

ቃል በገባሁት መሠረት ወደ ስም ልመለስ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል። የባለጉዳይ ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥር የሚታይበት ስክሪንሾት ማመልከቻ ላይ ለጥፎ ለውጭ አገር ዳኞች መላክ ነውርም ጥፋትም ነው። በሙከራ ስም ሞልታችሁ አንሱት። ሲስተማችሁ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ከሆነ ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) የደህንነት ፍተሻ እንዲያደርግለት በደብዳቤ ጠይቁ፤ መልሱ እስኪመጣ የጠየቃችሁበት ደብዳቤ ራሱ ጥንቃቄያችሁን ያሳያል።

ሁለተኛው ስም የእናንተ ነው። ሽልማት ሲሸት ዘመድ ይበዛል፣ ትናንት «ይህ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ ይውላል» ያለው ሁሉ የኮሚቴ ሰብሳቢ ይሆናል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማን ምን እንደሠራ ቃለ ጉባኤ ያዙ። ያቺ ደብተር የያዘችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛም ስሟ ይግባ። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ለመሥሪያ ቤቱ በሥራችሁ የሠራችሁት ከሆነና ሌላ ስምምነት ከሌለ ጥቅሙ የአሠሪው ነው፣ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» የማለት መብት ግን ከሠሪው ጋር ይቆያል። ከኃላፊያችሁ ጋር ሳትጣሉ፣ በጊዜ፣ በወረቀት ተነጋገሩበት።

ወዴት ይኬዳል

መጀመሪያ ቅርቡን ያዙ። በመንግሥት ቤት ቋንቋ ይህ «ምርጥ ተሞክሮ» ይባላል፤ ይቀመራል፣ ይስፋፋል። የሩብ ዓመት ሪፖርት ውስጥ አንድ አንቀጽ ብቻ ከሆነ ግን ማንም አያየውም። ለዞኑ «መጥታችሁ እዩልን» ብላችሁ ጻፉ። ደብረ ብርሃን ድረስ ፋይል ተሸክሞ ከመሄድ ባለሙያው መጥቶ ባዶውን የባለጉዳይ ወንበር ቢያይ ይሻላል። ጎረቤት ወረዳ ወስዶ ከተጠቀመበት ደግሞ ያው ነገራችሁ ሞላ፤ «ሌላ ቦታ ይሠራል ወይ» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አጠገባችን ነው። የኮምፒውተር ወይም የስታቲስቲክስ ክፍል መምህር ፈልጉና ቁጥራችሁን ተማሪዎች በራሳቸው እንዲያጣሩት ጠይቁ። ተማሪ የመመረቂያ ርእስ ያገኛል፣ እናንተ ገለልተኛ ምስክር ታገኛላችሁ።

ከዚያ ወደ ውጭ። ሁለቱን ልንገራችሁ። አንዱ ከዓለም የኢንፎርሜሽን ማኅበረሰብ ጉባኤ ጋር የተያያዘው የዊሲስ ሽልማት ነው፤ አይቲዩ የሚባለው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰጠዋል። 18 ዘርፎች አሉት፣ አንዱ በቀጥታ የኤሌክትሮኒክ መንግሥት ነው። ባለሙያዎች ካጣሩ በኋላ ሕዝብ በኢንተርኔት ድምፅ ይሰጣል፣ ከዚያ ከየዘርፉ አንድ አሸናፊ ይለያል፤ ቀጥለው የመጡት አራቱም «ሻምፒዮን» ተብለው ስማቸው ይጠራል። ድምፅ ላይ እኛ አበሻዎች አንታማም፤ ሠራተኛውን፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ ዲያስፖራውን አንቀሳቅሱ። ግን ተመዝግቦ በኢሜይል ማረጋገጥ ስላለበት ሰዉን አንድ በአንድ አሳዩት፤ «ቮት አርጉልን» ብሎ ቴሌግራም ላይ ለጥፎ መቀመጥ ውጤት የለውም።

ሁለተኛው የተባበሩት መንግሥታት የሕዝብ አገልግሎት ሽልማት ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ለመንግሥት ተቋማት ነው። በየዓመቱ ሰኔ 16 ከሚከበረው የሕዝብ አገልግሎት ቀን ጋር ይያያዛል። እዚህ እቅድ አይቀርብም፤ ሥራ ላይ የዋለና ውጤቱ የታየ መሆን አለበት። ትኩረታቸው ለተገለለው ሰው ምን አደረጋችሁ የሚለው ላይ ስለሆነ፣ ደብተራችሁ ላይ ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ስንት እንደነበሩ ለይታችሁ ከቆጠራችሁ ያን ቀን ትመሰግኑኛላችሁ። የሁለቱም የማመልከቻ ጊዜ በየዓመቱ ስለሚቀያየር ዋናውን ድረ ገጽ ከመስከረም ጀምራችሁ ተከታተሉ።

ሁለቱም ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቁም። ይህን ያልኩት በምክንያት ነው። «መሥሪያ ቤትዎ ለዓለም አቀፍ ሽልማት ታጭቷል፣ የዋንጫና የእራት ክፍያ ይላኩ» የሚል ኢሜይል ለኃላፊያችሁ ከመጣ ከወረዳው በጀት ሳንቲም እንዳይወጣ። ያ ንግድ ነው።

ቅጹን ስትሞሉ

የሪፖርት አማርኛ እርሱት። «በተደረገው ከፍተኛ ርብርብ አገልግሎት አሰጣጡን በተጠናከረ መልኩ ማሻሻል ተችሏል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ምንም አይናገርም፤ ለነገሩ በአማርኛም አይናገርም። በአንድ ሰው መንገድ ጀምሩ። ከቀወት ቆላ የተነሳ ገበሬ በሌሊት ወጥቶ፣ መኪና ጠብቆ፣ ቢሮ ሲደርስ ፋይሉ ጠፍቶ፣ ከተማ አድሮ፣ ማግስቱ «ኃላፊው ስብሰባ ነው» ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ የቆጠራችሁትን ቁጥር። ከዚያ ምን እንዳደረጋችሁ። ከዚያ ሁለተኛውን ቁጥር። ቴክኖሎጂው አንድ አንቀጽ ይበቃዋል።

ያልሠራውንም ጻፉ። መጀመሪያ የሞከራችሁት ከሸፈ? ለምን እንደከሸፈ ሁለት መስመር ጨምሩ፤ የከሸፈ ነገር የሌለው ማመልከቻ ማንም አያምነውም።

እንግሊዝኛው ያስፈራችኋል፣ አውቃለሁ። በአማርኛ ጨርሳችሁ ጻፉና የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር አንድ ቡና ጋብዛችሁ አስዙሩት። ከዚያ ሥራውን የማያውቅ ሰው ያንብበው፤ እሱ ያልገባው ዳኛውም አይገባውም።

ፎቶ ላይ ኮምፒውተር የተደገፉ ሠራተኞች አታቅርቡ። በር ላይ ጋቢ ተከናንቦ በብርድ የሚጠብቀውን ሰልፍ በፊት፣ ያው በር ባዶውን በኋላ። ፊት የሚለይ ከሆነ አስፈቅዱ።

የድጋፍ ደብዳቤውን ደግሞ ዛሬ ጠይቁ። ኃላፊው ሥልጠና ይሄዳል፣ ማህተም ያዧ ለቅሶ ትሄዳለች፣ ፊርማውና ማህተሙ ተገናኝተው እስኪመጡ የማመልከቻው ቀን ያልፋል።

ጓደኛዬ ትናንት መልሶ ደወለ። የ2013ቱን ገቢ መዝገብ ከቁም ሳጥን ሥር አግኝቶት አይጥ ጠርዙን በልታዋለች፣ ቀኖቹ ግን ይነበባሉ። «አርባኛው ላይ ነኝ» አለኝ እያስነጠሰ፤ «አንዱ ስንት ቀን እንደፈጀ ብነግርህ አታምነኝም።»