ጨጨብሳውን ሳይተዉ ቁርስን ማስተካከል

አመጋገባቸውን ለማሻሻል የተነሱ ብዙ ሰዎች ቀድመው የሚያደርጉት የለመዱትን ቁርስ ጠቅልሎ መተው ነው። ጨጨብሳው፣ ፍርፍሩ፣ ፉሉ ይቀርና በምትኩ ከሱፐርማርኬት በውድ ዋጋ የተገዛ የካርቶን ምግብ ይመጣል። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ይረሳል፤ ጨጨብሳውም እንደ ድሮው ቅቤ ጠግቦ ይመለሳል። እኛ የምንመክረው የለመዱትን ቁርስ ይዞ ውስጡን ማስተካከል ነው።

የቁርሳችን እህል ችግር የለበትም። ገብስ፣ ጤፍ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ ባቄላ ሁሉም ጠቃሚ ናቸው። ጉዳቱ የሚመጣው እህሉ ላይ ከሚፈሰው ስብ፣ ሻዩ ውስጥ ከሚገባው ስኳርና ከሳህኑ ከሚጎድለው ፕሮቲን ነው። ሦስቱንም በአንድ ጠዋት ለመለወጥ አይሞክሩ፤ ከስቡ ይጀምሩ፣ ትልቁ ለውጥ ያለው እዚያ ነውና።

ዘይትና ቅቤ በማንኪያ ይለኩ

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 15 ሚሊ ሊትር ነው፤ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። በዓይን ግምት ከጀሪካን ወደ መጥበሻ ሲፈስ ግን ሦስት አራት ማንኪያ መሆኑ ሳይታወቅ ያልፋል። ንጥር ቅቤም ውሃው ስለወጣለት ንጹሕ ስብ ነው ማለት ይቻላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ሳቹሬትድ ከሚባለው፣ ሲበዛ ለልብና ለደም ሥር ከማይበጀው ስብ ወደ 8 ግራም ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ስብ በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 22 ግራም ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ 3 ማንኪያ ቅቤ የገባበት አንድ ሳህን ጨጨብሳ የቀኑን ድርሻ ገና በጠዋቱ ጨርሶታል።

ቤትዎ ምን ያህል ዘይት እንደሚበላ ለማወቅ ቀላል ሂሳብ አለ። አንድ ሊትር ዘይት 66 የሾርባ ማንኪያ ይሆናል። አራት ሰው ያለበት ቤት አንዱን ሊትር በሳምንት ከጨረሰ፣ እያንዳንዱ ሰው በቀን ከ2 ማንኪያ በላይ እየወሰደ ነው፤ ቅቤው፣ ሥጋውና ውጭ የሚበላው ሳይቆጠር።

የዘይቱ ዓይነትም ልዩነት አለው። በብርድ ጊዜ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስብ ነው፤ የሱፍ፣ የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት ለልብና ለደም ሥር ይሻላል። በካሎሪ ግን ሁሉም እኩል ናቸው፤ «የሱፍ ዘይት ነው» ብሎ እንደ ልብ ማፍሰስ ጥቅሙን ያጠፋዋል። ለቁርስ በሰው 2 የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም 1 የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ይበቃል። ለጨጨብሳና ለገንፎ ብቻ ትንሽ ከፍ እናደርገዋለን።

ጨጨብሳ

ለአንድ ሰው 60 ግራም ዱቄት ይውሰዱ፤ ሞላ ካለ የግማሽ ስኒ መለኪያ ብዙ አይርቅም። ነጭ የፉርኖ ዱቄት ብቻ ከሚሆን ግማሹን የጤፍ ወይም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት ያድርጉት። ቂጣው ሳስቶ ይጋገር፣ ግን እስኪደርቅ አይቆይ። የደረቀ ቂጣ ቅቤውን ቶሎ ይመጥና ሌላ ማንኪያ ያስጨምራል፤ ቅቤ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በትንሽ ድስት 1 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ በለስላሳ እሳት ያቅልጡ፤ በርበሬውን ይጨምሩና ወዲያው 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጣል ያድርጉበት። ውሃው በርበሬው እንዳያር ይከላከላል፤ ትንሿን ቅቤም በቂጣው ሁሉ ያዳርሳታል። ቂጣውን ገና በትኩሱ በትናንሹ ቆራርሰው ያሹበት። ከቀዘቀዘ በኋላ ከተቆረሰ ቅቤው አንዱን ጠግቦ ሌላውን ደረቅ ይተወዋል። ጨው ከመጨመርዎ በፊት ይቅመሱ፤ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው የገባበት ስለሚሆን ድጋሚ ጨው ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ከላይ ማር ከማፍሰስ ይልቅ ከጎኑ አንድ ኩባያ እርጎ ወይም ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ያቅርቡ። ማር ተፈጥሯዊ ቢሆንም ሰውነት የሚቆጥረው እንደ ስኳር ነው።

ፉል፣ ከሁሉም የምናስቀድመው

በሳምንት ሦስት ቀን የሚበላ አንድ ቁርስ ምረጡ ብንባል ፉልን እንመርጣለን። 150 ግራም የበሰለ ባቄላ ወደ 11 ግራም ፕሮቲንና 8 ግራም ፋይበር ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ስለሚመክር፣ ሲሶው በጠዋቱ ተገኘ ማለት ነው። ዋጋውም ከእንቁላል ጋር ሲነጻጸር ለብዙ ቤት ይቀላል።

ከባዱ ነገር መቀቀሉ ነው፤ እሱንም በሳምንት አንዴ መጨረስ ይቻላል። ግማሽ ኪሎ ደረቅ ባቄላ ለቅመው ቅዳሜ ማታ በብዙ ውሃ ይዘፍዝፉ። ከ10 እስከ 12 ሰዓት ከቆየ በኋላ የዘፈዘፉበትን ውሃ ደፍተው በአዲስ ውሃ ይቀቅሉ፤ ሆድ የሚነፋው ነገር በከፊል ከተደፋው ውሃ ጋር ይሄዳል። በተራ ድስት እንደ ባቄላው ዕድሜ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል፤ በፕሬዠር ድስት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ። ሲበስል ወደ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ይሆናል፤ ስምንት ቁርስ ነው። ለሦስት ቀን የሚበቃውን ፍሪጅ፣ የቀረውን በየአንዱ ቁርስ ከፋፍለው ፍሪዘር ያስገቡ።

ባቄላው እየፈላ እያለ ቲማቲምም ሆነ ሎሚ አይጨምሩ። ኮምጣጣ ነገር የባቄላውን ቆዳ ያጠነክረዋል፤ ሰዓታት ቆይቶም አልላላ ይላል። ከበሰለ በኋላ ግን ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ጠዋት 150 ግራሙን ከትንሽ መረቁ ጋር አሙቀው በጭልፋ ጀርባ ግማሹን ይፍጩት፤ ሁሉን ካላላሙት ቶሎ አያስርብም። የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ፣ ትንሽ ከሙን፣ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ ከላይ 2 የሾርባ ማንኪያ እርጎ፣ መጨረሻ ላይ ሎሚ ይጭመቁበት። ከአንድ መካከለኛ ዳቦ ጋር ፕሮቲኑ ወደ 17 ግራም ይደርሳል።

ፉል ቤት ሲበሉ ሳህኑ ላይ የሚንሳፈፈው ቅቤና ዘይት ከባቄላው የበለጠ ካሎሪ ሊኖረው ይችላል። «ቅቤ ከላይ አይጨመር» ማለት ነውር የለውም። ዳቦውም ላይ ይጠንቀቁ፤ 100 ግራም ነጭ ዳቦ 50 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ሳህኑ ላይ የቀረውን ለመጥረግ ሁለተኛና ሦስተኛ ዳቦ ሲታከል የፉሉ ጥቅም ይሸረሸራል።

ባቄላ ላልለመደ ሆድ በግማሽ ሳህን ይጀምሩና በሁለት ሳምንት ውስጥ ያሳድጉ፤ ውሃም ደህና አድርገው ይጠጡ። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም እጥረት እንዳለበት የተነገረው ሰው ግን ባቄላ ጨርሶ መብላት የለበትም፤ ቀይ የደም ሴሎቹን ሊሰብርበት ይችላል። ለእሱ ሽምብራ ወይም ምስር በዚያው አሠራር ይሆናል።

ሌሎቹ በአጭሩ

ቂንጬ፦ ለ1 ስኒ ክክ ስንዴ ወይም ገብስ ሁለት ስኒ ተኩል ውሃ። ውሃው ሲፈላ ታጥቦ የተጠለለውን ቂንጬ ይጨምሩ፤ እሳቱን ቀንሰው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከድነው ያብስሉ። ከዚያ እሳቱን አጥፍተው ሳይከፍቱ 10 ደቂቃ ይተዉት። ደጋግሞ ማማሰል ያላቁጠዋል። ቅቤውን ከድስቱ ሳይሆን ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ በሰው 1 የሻይ ማንኪያ ጣል ያድርጉ፤ መዓዛው ከላይ ስለሚቀር ትንሹ ብዙ ይመስላል። ቂንጬ ብቻውን ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ እንቁላል ወይም አይብ ይፈልጋል።

የእንጀራ ፍርፍር፦ ሽንኩርቱን በትንሽ ውሃ ከድነው ካበሰሉት በኋላ ነው ዘይቱ የሚገባው። ቲማቲሙን ያብዙት፣ እንጀራው ግማሽ ይሁን። ከሁሉም ፍርፍር የሽሮው ይሻላል፤ ሽሮው ራሱ ጥራጥሬ ነውና።

እንቁላል፦ አንዱ 6 ግራም ፕሮቲን አለው። ሁለቱ ከቲማቲም፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር በ1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ተፈርፍረው፣ ከአንድ ዳቦ ጋር በ10 ደቂቃ የሚደርስ ሙሉ ቁርስ ናቸው።

ገንፎ፦ መሐሉ ላይ ያለው ጉድጓድ የቅቤ ኩሬ መሆን የለበትም። 1 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ በበርበሬ፣ ዙሪያውን እርጎ። የገብስ ዱቄት ውስጡ ቤታ ግሉካን የሚባል ፋይበር ስላለው ቶሎ አያስርብም፤ አጃም እንዲሁ። ስለዚህ አጃን በ40 ግራም ለአንድ ኩባያ ውሃ ወይም ወተት ሂሳብ አብስለው፣ በስኳር ፋንታ ግማሽ ሙዝና 1 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ያድርጉበት። የለውዝ ቅቤው ዕቃ ጀርባ ላይ ከለውዝና ከጨው ሌላ ብዙ ነገር ከተጻፈ ሌላ ይምረጡ።

ቤት ምንም ለመሥራት ጊዜ ከሌለ በሶ ከማታው ታሽቶ ሊያድር ይችላል። በስኳር ተበጥብጦ ከሚጠጣው የታሸው ይበልጣል፤ የሚጠጣ ነገር ሆድ ውስጥ ብዙ አይቆይም።

ሻዩ

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። በሁለት ብርጭቆ ሻይ ሦስት ሦስት ማንኪያ የሚያደርግ ሰው 24 ግራም ወሰደ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከዚህ በታች ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል ያለው የቀን መጠን 25 ግራም ገደማ ነው። በአንድ ጊዜ መተው ለብዙ ሰው አይሰምርም። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ምላስ ይለምደዋል። ቀረፋ፣ ሄልና ቅርንፉድ ከሻዩ ጋር በደንብ ሲፈሉ የስኳሩ መጉደል ብዙ አይታወቅም። ጭማቂ ቤት የሚሸጠው ስፕሪስም ሽሮፕ ወይም ስኳር ስለሚገባበት ከፍራፍሬ አይቆጠርም፤ ፓፓያውን ቆርጠው በሎሚ ይብሉት።

ሻይና ቡና ሌላም ጉዳይ አለባቸው። ውስጣቸው ያለው ታኒንና መሰል ነገር በጤፍና በባቄላ ውስጥ ያለውን ብረት ይዞ ያስቀረዋል። ነፍሰ ጡር፣ የወር አበባዋ የሚበዛባት ሴት ወይም ደም ማነስ የተገኘበት ሰው ሻዩንና ቡናውን ከምግቡ ቢያንስ 1 ሰዓት ያርቅ። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ብርቱካን ደግሞ ብረቱ እንዲገባ ያግዛሉ፤ ፉሉ ላይ ሎሚ ያስጨመርነው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም።

በጾም ወራት

በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ቁርሱ ከሰዓት በኋላ ይሆናል። ብዙዎች በቦምቦሊኖ፣ በሳምቡሳና በጣፋጭ ሻይ ይፈቱታል፤ የተራበ ሰውነት ላይ ስኳርና የተጠበሰ ዱቄት ሲወርድ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ድካምና እንቅልፍ ይከተላል። በውሃ ይጀምሩ፣ ከዚያ ያለ እርጎው ፉል ወይም የተልባ ፍትፍት ይብሉ። ተልባው ቆልተው የወቀጡት ይሁን፤ ያልተፈጨ ፍሬ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል። የተፈጨው በአየር ቶሎ ስለሚበላሽ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ አዘጋጅተው በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ያኑሩት። የጾም ኬክ ወተትና እንቁላል ባይኖረውም ስኳሩና ዘይቱ እንዳለ ነው።

የካርቶን ቁርስ ለሚገዛ

በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ የካርቶን ቁርስ ከመግዛት የማያመልጥ ሰው ከፊት ያለውን ሥዕል ትቶ ከጎን ያለውን ሠንጠረዥ ይይ። በ100 ግራም ውስጥ ስኳሩ ከ5 ግራም የማይበልጥ፣ ፋይበሩ 6 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ይምረጡ። በብሪታንያ ባለቀለም ምልክት በሚጠቀሙ ዕቃዎች ላይ ስኳር በ100 ግራም ከ22.5 ግራም ሲያልፍ በቀይ ምልክት ይቀመጣል። በእስራኤልም ስኳር የበዛበት የታሸገ ምግብ ፊቱ ላይ ቀይ ምልክት ይለጠፍበታል።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ከራበዎ

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ፕሮቲን ማነሱ ነው። ከ15 እስከ 20 ግራም እንዲሆን ያስቡ፤ አንድ እንቁላል ወይም ሁለት ማንኪያ አይብ ይጨምሩ እንጂ ዳቦ አይጨምሩ። ጠዋት ምግብ የማይወርድለት ጤነኛ አዋቂ ደግሞ ራሱን አያስገድድ፤ ሲርበው ይህንኑ ቁርስ በረፋዱ ይብላ፤ ረፋድ ላይ የሚያታልለውን ቦምቦሊኖ እስካለፈ ድረስ ጉዳት የለውም።

ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ግን መድኃኒቱን ወስዶ ቁርስ መዝለል የለበትም፤ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። የዳቦና የገንፎ መጠን በድንገት መቀነስ ከፈለገም አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር የመድኃኒቱን መጠን ይነጋገር። የደም ስኳር መለኪያ ቤቱ ያለው ሰው የትኛው ቁርስ እንደሚስማማው ራሱ ማወቅ ይችላል፦ መብላት ከመጀመሩ በፊት ይለካ፣ ከጀመረ 2 ሰዓት ሲሞላው ይድገም። ለአብዛኛው አዋቂ ሕመምተኛ ሁለተኛው ልኬት ከ180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች እንዲሆን ይፈለጋል። አንድ ቀን ነጭ ዳቦ በሻይ፣ በሌላው ቀን ፉል በግማሽ ዳቦ በልቶ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፋቸውና ለቀጠሮው ይዟቸው ይሂድ።